የዶክተሩ ፊርማ

ሻምበል ደምሴ የፖሊስ ጡረተኛ ናቸው። አብዛኛውን የአገልግሎት ዘመናቸውን ያሳለፉት በምርመራ ሥራ ላይ ነው። አባታቸው ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ያገለግሉ ስለነበር ተወልደው ያደጉትም፣ ዛሬ የሚኖሩትም ከዚያው አካባቢ ሳይርቁ ነው። ዶክተር ሜሮን የጎረቤት ልጅ ናት፤ አሁን ሬዚደንት ሐኪም ሆናለች። ለባልደረቦቿ በሕክምና ሥነ ምግባር ላይ ገለጻ እንድታቀርብ ስለተነገራት ስለ ናዚ ዘመን ሐኪሞች ስታነብ ሰንብታለች። ከሁሉም አንድ ሰው እንቅልፍ ነሳት። እሑድ ከሰዓት ሻምበል ግቢ የገባችው የእሱን ነገር ይዛ ነው።

ሜሮን፦ ጋሼ፣ አንድ ሰው ልንገርዎት። ስሙ ኤርቪን ቫይንማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1909 ደቡብ ጀርመን ውስጥ ተወለደ። ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ፤ ከተመረቀም በኋላ እዚያው በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ሠራ። እስከዚህ ድረስ የማንኛችንም ታሪክ ነው። ከዚያ ክሊኒኩን ትቶ የናዚዎቹ ድርጅት የኤስ ኤስ የስለላ ክፍል ባልደረባ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ፣ ገና በ32 ዓመቱ፣ ዩክሬን ውስጥ ሰው የሚረሽን ልዩ ቡድን እንዲያዝ ተሾመ። በዚያው ዓመት ደግሞ ወደ ፕራግ ተዛውሮ የጸጥታ ፖሊሱ የበላይ አዛዥ ሆነ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም እዚያው ቆየ።

ደምሴ፦ ያ ልዩ ቡድን ምን ይባላል?

ሜሮን፦ ዞንደርኮማንዶ 4ኤ። ኪየቭ አጠገብ፣ ባቢ ያር በሚባል ሸለቆ፣ መስከረም 29 እና 30 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. በሁለት ቀን ውስጥ 33,771 አይሁዶችን የረሸነው ይኸው ቡድን ነው። ቁጥሩን ራሳቸው ናቸው ለበርሊን ሪፖርት ያደረጉት። ያን ጊዜ አዛዡ ፓውል ብሎበል የሚባል አርክቴክት ነበር። ቫይንማን ከእሱ የተረከበው በጥር 1942 ነው።

ደምሴ፦ እንግዲያው ባቢ ያር ላይ አልነበረም።

ሜሮን፦ አልነበረም።

ደምሴ፦ ይህን ለይተሽ ያዢ። ያላደረገውን ከጨመርሽበት ያደረገውንም ማስተባበል ይጀምራል፤ እኛ ዘንድ ስንት መዝገብ በዚህ ተበላሽቷል። ቀጥዬ የምጠይቅሽ ግን ሌላ ነው። ሲረከብ ቡድኑ የሠራውን ያውቅ ነበር?

ሜሮን፦ እንዴት አያውቅም! ወደዚያ ከመላኩ በፊት በርሊን ዋናው መሥሪያ ቤት ነበር፤ የተያዙ አገሮችን ጉዳይ የሚከታተለውን ክፍል ይመራ ነበር። ቡድኑም አዛዥ ስለተቀየረ ሥራውን አላቆመም። ካርኪቭ ከተማ ውስጥ ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የጭነት መኪና ነው፤ ሰዎቹን ከኋላ አስገብተው ይዘጉባቸዋል፣ የሞተሩ ጭስ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል፣ መኪናው ይነዳል። እኔ የመኪና ጭስ መርዞት የመጣ በሽተኛ ተቀብዬ አውቃለሁ። ኦክስጅን አድርገንለት ተርፏል። ይህ ሰው የሰው ደም ያን ጭስ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን እንደኔ ተምሮታል። የተማረው ግን ለማዳን ነበር።

ደምሴ፦ ርክክብ የሚሉት ነገር አለ፣ ልጄ። አንድ አዛዥ ሥራ ሲረከብ ሰው ይረከባል፣ መሣሪያ ይረከባል፣ ያላለቀ ሥራም ይረከባል። ሦስቱንም ዐይቶ ይፈርማል። ከዚያች ፊርማ ወዲያ «እኔ አልጀመርኩትም» የሚባል መልስ የለም። ስለዚህ የዚህን ሰው ጥፋት ለማወቅ ሽጉጥ መዝዞ ተኩሶ እንደሆነ መፈለግ አያስፈልግሽም። እሱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ሆኖ «ይቁም» ቢል ይቆም ነበር ወይ? ብለሽ ጠይቂ።

ሜሮን፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሐኪም እንዴት እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል? በሽተኛ ዐልጋ አጠገብ ቆሞ የልብ ትርታ ያዳመጠ ሰው?

ደምሴ፦ ብቻውን ነው የሄደው?

ሜሮን፦ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የናዚ ተማሪዎች መሪ ከነበሩት አንዱ ነው። ጓደኞቹ ሕግ የተማሩት ማርቲን ዛንድበርገርና ኤሪክ ኤርሊንገር ናቸው። ወደ ስለላው የሳባቸው ጉስታቭ አዶልፍ ሼል ደግሞ እሱም የሕክምና ዶክተር ነው። ሁሉም ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ጎበዝ የሚባሉ ልጆች ነበሩ። ዛንድበርገር ኢስቶኒያ ውስጥ፣ ኤርሊንገር ሌላ ቦታ እንደዚሁ የግድያ ቡድን አዘዙ። በባቢ ያር ጊዜ የብሎበል የበላይ አለቃ የነበረው ኦቶ ራሽ ሁለት ዶክትሬት ስለነበረው «ዶክተር ዶክተር ራሽ» እየተባለ ነበር የሚጠራው።

ደምሴ፦ ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? ወዳጆቹ እንዳሉ አብረውት ሄደዋል። እያንዳንዱ ደረጃ ሹመት ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ቢቀር ተራ ረዳት ሐኪም ሆኖ ዓመት ይቆጥራል፤ ከጓደኞቹ ጋር ከሄደ ግን በ33 ዓመቱ ፕራግን የሚያስጨንቅ ሰው ይሆናል። እኛ መሥሪያ ቤትም ብዙ ዐይቻለሁ። ሰው ክፉ ልሁን ብሎ አይነሳም። ልደግ ብሎ ነው የሚነሳው፤ የሚያድግበት መንገድ ምን ላይ እንደሚያደርሰው ደግሞ ሳይጠይቅ ይቀራል።

ሜሮን፦ ይህ ብቻ ነው እንዳልል አንድ ነገር ይከለክለኛል። ሹመት የፈለገ ብቻ አይደለም፤ ያመነ ነው። ያኔ ከጀርመን ሐኪሞች ወደ ግማሽ የሚጠጋው የፓርቲው አባል ነበር። ከሌላው ባለሙያ ይበልጥ እኛ ነበርን የገባንበት። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ሐኪሞች «የዘር በሽታ አለባቸው» የተባሉ ሰዎችን እየጠቆሙ ያስመክኑ ነበር። ከዚያ በ1940 እና በ1941 የአእምሮ ሕሙማንን መግደል መጣ፤ በሁለቱ ዓመት ከ70,000 በላይ ሰው በጋዝ ተገደለ። እንዴት እንደተመረጡ ያውቃሉ? ቅጽ ነበር። ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ቅጽ። ስሙ፣ ሕመሙ፣ ሆስፒታል የቆየበት ዘመን፣ ሥራ መሥራት ይችል እንደሆነ። ቅጹ ለሦስት ሐኪሞች ይላካል። ሐኪሞቹ በሽተኛውን አያዩትም። ከታች በኩል ጥቁር መስመር የከበባት ባዶ ቦታ አለች፤ እዚያች ውስጥ በቀይ እርሳስ የመደመር ምልክት ካደረጉ ይሞታል፣ በሰማያዊ የመቀነስ ምልክት ካደረጉ ይኖራል።

ደምሴ፦ ቀይ እርሳስ።

ሜሮን፦ አዎ። ያን ቅጽ ፎቶውን ሳየው እኔ በየቀኑ የምሞላውን የበሽተኛ ካርድ ነው የመሰለኝ። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። እነሱ በሽተኛቸው ግለሰቡ ሳይሆን «ሕዝቡ» ነው ብለው አምነው ነበር። ሕዝብን እንደ አንድ ገላ ያየ ሰው፣ አንዱን ሰው ቆርጦ ሲጥል ራሱን ገዳይ አድርጎ አያይም።

ደምሴ፦ ይሄን ከእኛ ዘንድም ሰምቼዋለሁ። ሐኪሞች አልነበሩም የተናገሩት እንጂ ንግግሩ ይኸው ነው። አብዮቱ ይታከማል፣ ይጸዳል፣ ይመነጠራል ይባል ነበር። አሁን አንቺ የጀርመኑን ነገር ይዘሽ መጥተሻል፤ እኔ ግን እዚሁ ሰፈር ልመልስሽ።

ሜሮን፦ እሱን ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ደምሴ፦ ይህ ኮልፌ ማንን እንዳሠለጠነ ታውቂያለሽ። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. መጥቶ እዚህ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተማረ። ስድስት ወር ሊቆይ መጥቶ በሁለት ወሩ ገደማ ፓርቲው ጠራው፤ አገሩ እንደተመለሰም ተያዘ። አዛዡ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ፤ ሲሸኙት አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። አባቴ ስለ ኮሎኔሉ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ማንዴላም በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ስለ ማዘዝ ያስተማሩትን አስፍሮታል፤ ግዳጅ ላይ ስትሆን ቆራጥ ሆነህ እዘዝ፣ ከግዳጅ ውጭ ስትሆን ግን ከመጨረሻው ወታደር ጋር እኩል ሁን የሚል ነው ሐሳቡ። ይህን ያስተማሩ ሰው በኋላ ጄኔራል ሆነው፣ መጋቢት 1967 በደርግ ተረሸኑ። ስለዚህ ማዘዝ የሚባለው ነገር በራሱ ክፉ ነው ብለሽ እንዳትነሺ። እዚሁ ግቢ ውስጥ ማዘዝ እንደ ኃላፊነት ሲሰጥ ታይቷል።

ሜሮን፦ ከዚያ በኋላስ?

ደምሴ፦ ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተገለበጠ። እኔ ፖሊስ የሆንኩት በ1965 ነው። በ1969 ጥር 26 ቀን ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎቹ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብቻውን ወጣ። ሚያዝያ 9 ቀን አብዮት አደባባይ ላይ ደም የመሰለ ነገር የተሞሉ ጠርሙሶች ሰበረ። ሚያዝያ 21 ቀን ማታ ለሜይ ዴይ ዋዜማ የወጡ ልጆች በመትረየስ ታጨዱ። ከዚያ ሬሳ መንገድ ላይ ጥሎ ወረቀት መለጠፍ መጣ። እናቶች ምኒልክ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል ደጅ ላይ ይሰለፉ ነበር። አስከሬኑን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ አሉ። ማልቀስ ተከልክሏል፤ ሐዘን መቀመጥ ተከልክሏል።

ሜሮን፦ እነዚያን ያዘዙት እነማን ነበሩ? እንደ ቫይንማን የተማሩ ነበሩ?

ደምሴ፦ ይህን ስመልስልሽ ትንሽ አክርሬ ነው የምናገረው። አዎ፣ ብዙዎቹ የተማሩ ነበሩ። ሁለቱ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። አብረው ተሰልፈው «መሬት ላራሹ» ያሉ ናቸው። ኢሕአፓዎቹ ከተማ ውስጥ ሰው መግደል ጀመሩ፤ መስከረም 13 ቀን 1969 መንግሥቱ ላይ ሙከራ ተደረገ፣ ወዲያው የመኢሶኑ ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። መኢሶኖቹ ደግሞ ቀበሌው ይታጠቅ ብለው ከደርግ ጎን ቆሙ። አራት ኪሎ የነበረውን ግርማ ከበደን ታሪኩን አንብቢ። የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው፣ የመኢሶን ሰው ነው። መጋቢት 1969 በተደረገው አሰሳ ወቅት ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኞችን አስወሰደ፤ ከተገደሉት አንዷ ነፍሰ ጡር የልጆች እናት ነበረች። ነገሩ ከተማውን ስላናወጠው ደርግ ራሱ ይዞ ረሸነው። ጥቂት ወራት አልፈው በዚያው ዓመት ክረምት መኢሶንም ኅቡዕ ገባ፤ ኃይሌ ፊዳና ጓደኞቹ ተይዘው ቆይተው ተገደሉ።

ሜሮን፦ ስለዚህ የቱቢንገን ልጆችና የስድስት ኪሎ ልጆች አንድ ናቸው ማለት ነው?

ደምሴ፦ አይደሉም! ይህን እንዳትዪ። የእኛ ልጆች የተነሱት ለጭሰኛው ነው። የነዚያ ግን ከመነሻው አንድን ሕዝብ ከምድር ለማጥፋት ነበር። የጀርመኑ አይሁዱን የሚገድለው አይሁድ ሆኖ ስለተወለደ ነው፤ ሕፃኑንም፣ አሮጊቷንም። እዚህ የተገደሉት በጥርጣሬ፣ በአባልነት፣ በጠላት ጥቆማ ነው። ይህን ልዩነት ከገለጻሽ ካወጣሽው ሁለቱንም ሙት ታሳንሻቸዋለሽ። አንድ የሚያደርጋቸው ሌላ ቦታ ነው።

ሜሮን፦ የት?

ደምሴ፦ መዝገቡ ላይ። ፖሊስ ጣቢያ የዕለት ሁኔታ መዝገብ የሚባል አለ። ትልቅ ነው፤ ገጹ ቁጥር አለው። ሰው ሲያዝ ስሙ፣ ዕድሜው፣ አድራሻው፣ የተጠረጠረበት ነገር፣ ሰዓቱ፣ ያስያዘው ሰው ይጻፋል። ሲወጣም እንዲሁ፤ ማን እንደወሰደው፣ በማን ትእዛዝ፣ ወዴት። ተረኛው ይፈርማል፣ ወሳጁ ይፈርማል። ሥራችን ከዚያ መዝገብ ነው የሚጀምረው። ቀይ ሽብር ሲመጣ ቀበሌዎች «ነፃ እርምጃ» መውሰድ ይችላሉ ተባለ። ከቀበሌ በላይ ባለው አስተዳደር፣ በየከፍተኛው፣ እስር ቤት ተከፈተ። ያ ሁሉ ሰው የተያዘው ከእኛ መዝገብ ውጭ ነው። መዝገቡ ባለበት ቦታም ቢሆን ማታ የሚመጡት ሰዎች ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ «ወዴት» የሚለው ዓምድ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ መርማሪ ያን መዝገብ ሲገልጥ ባዶዎቹን መስመሮች ነበር የሚቆጥረው።

ሜሮን፦ ጀርመኖቹ ግን ይጽፉ ነበር። ቁጥሩን ሳይቀር።

ደምሴ፦ ጻፉ፤ የሚጠይቃቸው የለም ብለው ስላሰቡ ነው። የእኛዎቹም ቢሆኑ ሁሉም አልደበቁም። ደርግ ወረቀት የሚወድ መንግሥት ነበር። በነሐሴ 1984 በአዋጅ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከ300,000 ገጽ በላይ ሰነድ ነው የሰበሰበው። የእርምጃ ትእዛዝ፣ የወጪ ሂሳብ፣ የስም ዝርዝር። 5,198 ሰው የተከሰሰው በምስክር ብቻ አይደለም፤ በራሳቸው ፊርማም ጭምር ነው። እሸቱ ዓለሙን አስቢው። የደርግ አባል ነበር፤ ጎጃም ተወክሎ ሄደ። ነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተገደሉ። ሰውዬው ደግሞ ኔዘርላንድ ሄዶ፣ ዜግነት አግኝቶ፣ ሰላማዊ ኑሮ ሲኖር ቆየ። ሄግ ላይ ሲቀርብ ዳኞቹ ካዩት ማስረጃ ውስጥ የተገዳዮቹ ስም ያለበትና የእሱን ፊርማ የያዘ ደብዳቤ ነበር። እሱ የኔ አይደለም ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በይግባኝም በ2022 ጸና። እነዚያ እስረኞች ከተገደሉ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ወረቀቱ ዳኛ ፊት ቆመ።

ሜሮን፦ የቫይንማን ግን አልቆመም። ይህ ነው የሚያናድደኝ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1945 ፕራግ ላይ ጠፋ። በ1949 አንድ የጀርመን ፍርድ ቤት ሞቷል ብሎ ወሰነ። ሬሳ የለም፣ ችሎት የለም። ወንድሙ ኤርንስትም ነበር፣ የጥርስ ሐኪም፤ የቱቢንገን ከንቲባ ሆኖ ሳለ ቤልግሬድ ተልኮ ሰዎችን በማፈናቀል ሥራ ላይ ተሰማራ። እሱን ግን ቤልግሬድ ላይ ለፍርድ አቀረቡት፣ በሞትም ተቀጣ። ብሎበልን አሜሪካኖች በ1951 ሰቀሉት። ዛንድበርገር ሞት ተፈርዶበት ተቀየረለት፣ በ1958 ተፈታ፣ በ98 ዓመቱ በ2010 ሞተ። ኑረምበርግ ላይ የቀረቡት ሐኪሞችም ቢሆኑ በአንዱ ችሎት 23 ተከሳሾች ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ 20ዎቹ ሐኪሞች ናቸው፤ ሰባት ሰው ተሰቀለ። ቫይንማን ስሙ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሐኪም ሆኖ ሳይሆን ፖሊስ ሆኖ ነበርና የገደለው። ሐኪሞችን የሚያስተምሩ መጻሕፍትም ያልፉታል፣ ስለ ፖሊስ የሚጽፉትም ሐኪም መሆኑን በአንድ መስመር ነው የሚጠቅሱት።

ደምሴ፦ እንደዚያ በሁለት ወንበር መካከል የሚጠፋ ሰው ብዙ ነው። የእኛም ትልቁ እኮ አልተያዘም። መንግሥቱ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሐራሬ ገባ። እዚህ ችሎቱ ታኅሣሥ 1987 ተከፈተ፤ ጥፋተኛ ለመባል ታኅሣሥ 1999 ድረስ ቆየ። አሥራ ሁለት ዓመት! መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት፣ በ2003 ደግሞ ሞቱ ለታሰሩት ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከእስር ወጡ። ምስክሮች በመካከሉ አርጅተው ሞተዋል። እኔ ይህን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል፤ ግን ችሎት ተቀምጧል፣ ስም ተጠርቷል፣ ወረቀት ተነቧል። የቫይንማን ሟቾች ይህን እንኳ አላገኙም።

ሜሮን፦ በፍለጋ የተገኙም አሉ አይደል? የአትላንታውን ሰው አንብቤአለሁ።

ደምሴ፦ ከልቤሳ ነገዎ። ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር። እሱ ፊት ወፌ ላላ ተሰቅላ የተገረፈች ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ አትላንታ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ትሠራለች። አንድ ቀን ሊፍት ላይ ታየዋለች፤ እዚያው ሆቴል ሻንጣ ይሸከማል። ሌሎች ሁለት ሴቶች ፈልጋ በ1990 እ.ኤ.አ. ሦስቱም ከሰሱት። ዳኛው በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው። ገንዘቡን ማን ያያል? ፍርዱን ግን አዩት። በኋላ ዜግነቱን ተነጥቆ በ2006 ወደዚህ ተላከ፤ እዚህ በሌለበት የተፈረደበት ዕድሜ ልክ ይጠብቀው ነበር። ዴንቨር ላይም በሌላ ሰው ስም የሚኖር የከፍተኛ 15 ጠባቂ ነበር፤ እሱንም ያወቀው የቀድሞ እስረኛ ነው። መርማሪ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ እነዚህ ሰዎች የሠሩትን ምርመራ ያህል የሠራ ጓድ አላውቅም።

ሜሮን፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ደግሞ ከሙያዬ ልጠይቅዎት። በዚያ ዘመን የእኛ ሐኪሞች ምን ያደርጉ ነበር? ማዛ መንግስቴ በእንግሊዝኛ በጻፈችው ልቦለድ ውስጥ ያለው ዋና ሰው ሐኪም ነው። የተገረፈች ልጅ አምጥተውለት ለተጨማሪ ምርመራ እንድትተርፍ አድርግ ይሉታል። እሱ ግን ለገራፊዎቿ መልሶ ላለመስጠት ሲል መሞቷን ይመርጣል፤ በዚህ ይታሰራል። ልብ ወለድ ነው፤ ግን ሳነበው ይህ ጥያቄ በእውነትም የቀረበላቸው ሰዎች እንዳሉ ተሰማኝ።

ደምሴ፦ የገራፊ እጅ ያለፈበት ሰው ሆስፒታል መምጣቱ አይቀርም። ሐኪሙ ካከመው ይመልሱታል፤ ካላከመው ይሞታል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆሙ ብዙ ነበሩ፤ ስማቸውን አልነግርሽም፣ ልጆቻቸው አሉ። በአደባባይ የሚታወቀውን አንድ ሰው ግን ልንገርሽ። ጃንሆይ ነሐሴ 1967 ሲሞቱ መንግሥት በሕመም ሞቱ ብሎ አወጀ፤ ከቀዶ ሕክምናው ጋር አያያዘው። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም ብለው መግለጫውን ሳይቀበሉት ቀሩ። ያንን በዚያ ዘመን ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ስድሳ ያህል ባለሥልጣን በአንድ ሌሊት የተረሸነበት አገር ነው። አንድ ሐኪም ግን መግለጫውን አልቀበልም አለ።

ሜሮን፦ ያኔ ስንት ዓመታቸው ነበር?

ደምሴ፦ ሃምሳ አልሞላቸውም። ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ተማሪ አላቸው፣ ቤተሰብ አላቸው። ቫይንማን የነበረው ሁሉ ነገር ነበራቸው፤ ዕውቀቱም፣ ከፊታቸው የተዘረጋውም መንገድ። ይህን ስልሽ ሐኪም በተፈጥሮው ደግ ነው ለማለት አይደለም። በሁለቱም ፊት ምርጫ ነበር ለማለት ነው።

ሜሮን፦ እኔ ባልደረቦቼን ምን ልጠይቃቸው? ናዚ ናችሁ ወይ ብዬ አልጠይቃቸውም። ይስቁብኛል፤ ቢስቁም አይፈረድባቸውም።

ደምሴ፦ በየሳምንቱ የሚያደርጉትን ጠይቂያቸው። ፖሊስ ሰው ይዞ ይመጣል። ማስረጃ ይጠየቃል፤ ቅጹን ታውቂዋለሽ። ሰውዬው ጀርባው ሰንበር ነው። ይዞት የመጣው ፖሊስ ደግሞ አጠገብ ቆሞ «ሲሮጥ ወድቆ ነው» ይላል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሐኪሙ «በመውደቅ የደረሰ ጉዳት» ብሎ ከጻፈ፣ ያ ወረቀት ተያይዞ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። «በድብደባ የሚደርስ ዓይነት ጉዳት» ካለ ግን ዐቃቤ ሕግ ያየዋል፣ ጠያቂ ይመጣል፣ የያዘው ሰው ስሙ ይጻፋል። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። የሰውዬው ሕይወት የሚያድረው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው።

ሜሮን፦ ፖሊሱ አጠገቤ ቆሞ እንዴት ነው በሽተኛውን የምጠይቀው?

ደምሴ፦ ውጣ በዪው። ክፍሉ የአንቺ ነው፤ እሱ በር ላይ መጠበቅ ይችላል። ብዙዎቹ ይወጣሉ፤ እኔንም አስወጥተውኛል፣ ተቆጥቼ ወጥቻለሁ። የማይወጣ ካለ አልወጣም ማለቱን ካርዱ ላይ ጻፊው፣ ሰዓቱንም። ከዚያ ልብሱን አስወልቀሽ ጀርባውን ሁሉ እዪ፤ ውስጥ እግሩን አትርሺ፣ እዚያ ነው የሚመቱት። ሰንበሩን በሴንቲ ሜትር ለኪው፤ ቀለሙን ጻፊ። አንድ ቅጂ ሆስፒታሉ ይቅር። ፍርድ ቤት ስትጠሪ የምትቆሚው በዚያ ወረቀት ነው።

ሜሮን፦ ገለጻዬን ከዚህ ልጀምረዋ። ቫይንማንን ወደ መሐል አመጣዋለሁ።

ደምሴ፦ ከቀዩ እርሳስ ቅጽ ጋር አድርጊው። የኛንም ቅጽ አብረሽ አሳዪያቸው፤ የሐኪሙ ስምና ፊርማ የሚሰፍርበትን ቦታ ጭምር።